የልጄን ምራቅ ለምርመራ ውጭ አገር ከመላኬ በፊት አማቴን ብጠይቅ ኖሮ

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ልጄ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቢኒ ልበለው፣ ትክክለኛ ስሙ ግን አይደለም። ኤዲኤችዲ አለበት፤ በእኛ ቋንቋ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቁነጥነጥ የሚሉት ነው። ይህን አውቀን ሕክምናውን መስመር እስክናስይዝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል፤ ከሁለቱ አንዱ የባከነው በእኔ ስህተት ነው። ሰሞኑን ደግሞ የማላውቃቸው እናቶች ሳይቀሩ ይደውሉልኛል። «የጂን ምርመራ አስደርገሻል አሉ፣ የት ነው? ስንት ነው?» ይሉኛል። ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው ዘረ መል ነው። ለእያንዳንዷ በስልክ ከማስረዳ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ቢኒ እግር ካወጣ ጀምሮ ሯጭ ነው። ያኔ ያስቀን ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ሳቁ ቀረ። ደብተር ይጠፋል፣ እርሳስ ይጠፋል፣ ጃኬት ይጠፋል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ጃኬት መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፤ በአንድ ዓመት ሦስት ገዝቻለሁ። ሱቅ ልኬው ሲዘገይ ወጥቼ ስፈልገው ብሩን በእጁ እንደጨበጠ የሰው በግ ሲከተል አገኘዋለሁ። መምህሩ «ልጁ ጭንቅላት አለው፣ ቀልቡ ነው የማይሰበሰበው» ይለኛል። ጎረቤቱ ቅብጥብጥ ይለዋል። እኔ ደግሞ እመታው ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን ይህን ከሚያነቡት ውስጥ ዛሬ ጠዋት ልጇን መትታ የወጣች እንዳለች ስለማውቅ ልለፈው አልፈለግኩም። ዱላው ለአሥር ደቂቃ እንኳ አልረዳም።

ጻድቃኔ ማርያም ወስደነው ሁለት ሳምንት ተጠመቀ። በዚህ ፈጽሞ አልጸጸትም፣ አሁንም እንሄዳለን። ኤዲኤችዲ የሚለውን ስም መጀመሪያ የሰማሁት እዚያው ነው። አብራን የተቀመጠች አንዲት ነርስ ቢኒን ሁለት ቀን ስታየው ከረመችና «እህቴ፣ ጸበሉን እንዳታቋርጪ፣ ግን ይህን ልጅ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ይየው» አለችኝ።

እሺ ብዬ በቀጥታ ብሄድ ኖሮ ነገሩ በአጭሩ ያልቅ ነበር። «የአእምሮ» የምትለዋ ቃል አስደነገጠችኝ። ልጄን ለአእምሮ ሐኪም? ሰው ምን ይላል? ማታ ማታ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ማስታወቂያ አየሁ። ምራቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። የልጁን ጂን አይተው ኤዲኤችዲ የመያዝ ስጋቱን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማውም ይነግሩናል አለ። ሐኪም የለበት፣ ወረፋ የለበት፣ ጎረቤት አያይ። ለእኔ የተሠራ መሰለኝ።

ለፋሲካ ያደለብናቸውን ሁለት በጎች ሸጥን። ያልበቃውን ዕቁቤን ለምኜ ቀድሜ በማውጣት ሞላሁት። ዕቃው በወኪል በኩል መጣ። አውራ ጣት የምታህል የላስቲክ ብልቃጥ ናት፣ መስመር ተሰምሮባታል፣ ምራቁ መስመሩ ድረስ መድረስ አለበት፣ አረፋው አይቆጠርም። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ምንም መቅመስ የለበትም። አስቡት፣ አንድ ቦታ ለሁለት ደቂቃ መቀመጥ ያቃተውን ልጅ ቁጭ ብለህ ትፋ ማለት። አንዴ ተፍቶ ወፍ ለማየት ይወጣል። ሁለተኛ ተፍቶ ብልቃጧን እንደ ፊሽካ ሊነፋት ይሞክራል። አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ሎሚ ቆርጬ ፊቱ ላይ ስመጥጥ ነው ምራቁ የሞላው።

ዘጠኝ ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ዘጠኝ ሳምንታት ምንም አላደረግኩም። «ውጤቱ ይምጣ» እያልኩ መምህሩንም ሐኪምንም ሳላናግር ቀረሁ። እባካችሁ ይህን አትድገሙት፤ ምንም ዓይነት ምርመራ ብታዙ ሌላውን ነገር አታቁሙ።

ውጤቱ ከ20 ገጽ በላይ የሆነ እንግሊዝኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረ የአክስቴ ልጅ ተረጎመልኝ። የመጀመሪያው ክፍል «ስጋቱ ከአማካይ በላይ ነው» ይላል። ሁለተኛው የመድኃኒት ሰንጠረዥ ነው፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ልክ እንደ ትራፊክ መብራት። አቶሞክሲቲን የሚባለው ቀይ ላይ ተቀምጧል። ሜቲልፌኒዴት አረንጓዴ ነው። ሁለቱም የኤዲኤችዲ መድኃኒቶች ናቸው። በቃ፣ በሽታውም ታወቀ፣ መድኃኒቱም ታወቀ አልኩ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ጥፋት በተከታታይ አጠፋሁ።

አንደኛው፣ ወረቀቱን ለዘመድ አሳየሁ። «በዘር የሚመጣ ነው» አልኳቸው። እዚህ አገር «ዘር» የሚባል ቃል በቀላሉ አይነካም። የእኔ ወገን «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። የባሌ እህቶች «በእኛም የለም፣ ከየት አመጣችሁት?» አሉ። አንዷ ጭራሽ ትንሿን ሴት ልጄን ጠቅሳ «እሷንስ ወደፊት ማን ያገባታል?» አለች። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው! ለሁለት ወር በባልና ሚስት መካከል ሳይቀር ቃል ጠፋ። የልጅ የጂን ውጤት የልጁ ነው፤ ሲያድግ ማን ይወቅ፣ ማን አይወቅ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እኔ ለቡና ማጣጫ አወጣሁት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አረንጓዴ የተባለውን መድኃኒት ውጭ አገር ያለች ዘመድ በሰው እጅ ላከችልኝ። ባለ 36 ሚሊግራም፣ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሠራው ዓይነት። እኔ ይህን የት አውቄ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ የቤት ሥራውን እንዲሠራበት ብዬ ሰጠሁት። የቤት ሥራውን ሠራ፣ እውነት ነው። ሌሊቱን ግን ዓይኑን አልከደነም። ስድስት ሰዓት ላይ ደረቱን ስነካው ልቡ እንደ ከበሮ ይመታል። አባቱ መንገድ ላይ ነው፣ የአይሱዙ ሹፌር ነው። በባና ጠቅልዬው በጎረቤት ባጃጅ ሆስፒታል ሮጥኩ። ተረኛው ወጣት ሐኪም የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን እየለካ አብሮን አደረ። ሊነጋጋ ሲል እየረጋ መጣ። በኋላ እንደተረዳሁት መድኃኒቱ ወደ 12 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ጠዋት የሚሰጠው ለዚህ ነው፣ ለጀማሪ ልጅም መጠኑ በዛ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሪፈር ጽፎ ሰጠኝ።

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ለቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድመን ገባን። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሟ ወረቀቴን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ዓይኗ ሌላ ቦታ ሄደ። ባሌ መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ጉልበቱን ያርገበግባል። የምታየው የእሱን ጉልበት ነበር።

«እርስዎ ልጅ እያሉ እንዴት ነበሩ?» አለችው።

«እኔ? ምንም አልነበረብኝም» አላት፣ ብድግ ብሎ እየተቀመጠ።

ስለ ምርመራው ያስረዳችኝን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ኤዲኤችዲ ከቤተሰብ ጋር በጣም የተያያዘ ነው። በመንትዮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ አንዱ ሰው ከሌላው ከሚለይበት ልዩነት ውስጥ 74 በመቶ ያህሉ ከጂን ጋር ይያያዛል። ይህ ማለት ግን ልጃችሁ 74 በመቶ ይያዛል ማለት አይደለም፣ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ደግሞም አንድ «የኤዲኤችዲ ጂን» የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት ከ38 ሺህ በላይ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ሰዎች ከሌላቸው ጋር አወዳድሮ በዘረ መል ላይ 27 ቦታዎችን አገኘ። እያንዳንዱ ቦታ የሚጨምረው ስጋት ግን በጣም ትንሽ ነው። ልክ እንደ ወጥ ቅመም፤ አንዱን ለብቻው ቀምሶ ወጡ ምን እንደሚመስል የሚናገር የለም። በዚያ ላይ የተጠኑት ሰዎች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። በእነሱ የተሠራ ሚዛን የመንዝን ልጅ ሲመዝን መሳቱ አይቀርም። «ከአማካይ በላይ» ሲሉኝ የማን አማካይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ዛሬ በምራቅም ሆነ በደም ኤዲኤችዲ አለበት ወይም የለበትም የሚል የጂን ምርመራ የለም። የጂን ምርመራ ጭራሽ አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። ልጁ እድገቱ የዘገየ፣ ንግግሩ የቀረ፣ መልኩ ላይ የተለየ ምልክት ያለው፣ ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ከሆነ ሐኪም እንደ ፍራጃይል ኤክስ ያለውን፣ በዘር የሚወረስና የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይ ችግር ለማጣራት ሊያዝ ይችላል። ያኔ ሐኪም ለይቶ ያዘዘው ነው፣ ማስታወቂያ አይቶ የሚገዙት አይደለም።

የመድኃኒቱ ሰንጠረዥስ? እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይጣፍጣል። ቀዩ የመጣው ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ ከሚባል ጂን ነው። ጉበት ውስጥ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚሠራ ጂን ነው። ቢኒ ይህ ጂን ከመደበኛው በላይ ተደጋግሞለታል፣ ስለዚህ መድኃኒቱን ቶሎ ፈጭቶ ይጨርሰዋል። ዶክተሯ ፈገግ ብላ ይህማ ለእኛ አዲስ አይደለም አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑት ይህ ጂን ተደጋግሞ እንደሚገኝባቸው አሳይቷል። ከአውሮፓውያን ጋር ሲነጻጸር በጣም ብዙ ነው። አቶሞክሲቲን የሚፈጨው በዚህ ጂን ስለሆነ ያ መስመር መሠረት አለው። ሜቲልፌኒዴት ግን በሌላ መንገድ ነው የሚፈጨው፣ ይህ ጂን አያገባውም። አረንጓዴው «ይሠራል፣ ስጡት» ማለት ሳይሆን «በዚህ ጂን በኩል የምለው የለኝም» ማለት ኖሮ ነው! እኔ አረንጓዴ አይቼ ነዳሁት። የአሜሪካ የሕፃናትና የወጣቶች የአእምሮ ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2020 ሐኪሞች ለልጆች የአእምሮ መድኃኒት ለመምረጥ በእንዲህ ዓይነት ምርመራ እንዳይጠቀሙ መክሯል።

ከዚያ ሁሉ ገጽ የጠቀመኝ ያላሰብኩት መስመር ነው። ይህ ጂን የተደጋገመለት ሰው ኮዴይን የሚባለውን የሕመምና የሳል ማስታገሻ ሲወስድ ሰውነቱ ቶሎ ወደ ሞርፊን ይቀይረዋል፣ ትንፋሽ እስከማዳከም ሊደርስ ይችላል። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለቱንም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ከልክሏል። እና ምራቅ ላኩም አልላኩም፣ ለልጃችሁ ማስታገሻም ሆነ የሳል ሽሮፕ ሲሰጧችሁ ውስጡ ኮዴይን ወይም ትራማዶል እንዳለ ጠይቁ።

ዶክተሯ ምርመራውን የሠራችው በጥያቄ ነው። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መጀመር፣ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት፣ ቤት ብቻ ወይም ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በሁለት ቦታ መታየት አለባቸው። አንድ መጠይቅ እኔ ሞላሁ፣ አንድ መምህሩ ሞላ። ዓይኑ ታየ፣ ጆሮው ታየ፣ እንቅልፉ ተጠየቀ፣ ድንገት የሚያፈዝ የሚጥል በሽታ እንዳይሆን ተጣራ። ደሙ ሲታይ ብረቱ ዝቅ ብሎ ተገኘና እሱም መታከም ጀመረ። ለቀጣዩ ቀጠሮ ደግሞ «የአባቱን የልጅነት ታሪክ ከአያቱ ጠይቃችሁ ኑ» አለችን። ነጻ ምርመራ።

አማቴ ያሉት መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። ስንደርስ ምጣድ ጥደው ገብስ ይቆላሉ። ከዘር ጭቅጭቁ በኋላ መጀመሪያ ስንገናኝ ስለነበር እፈራ ነበር። እንደ ምንም ብዬ «እማማ፣ የቢኒ አባት ልጅ ሳለ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። ገብሱን ማማሰላቸውን አላቆሙም።

«ይኼንን ለመጠየቅ ነው ይህን ሁሉ ብርድ የመጣችሁት? ቢኒ ቁርጥ አባቱ አይደለም እንዴ! በግ ጠብቅ ብዬ ስልከው በጎቹ ራሳቸው ይመጣሉ፣ እሱ አይመጣም። ፈልገን ስናገኘው ገደል ጫፍ ተቀምጦ ጭላዳ ይቆጥራል። የኔታ ስንት ጊዜ መለሱብኝ። አባቱም እንዲሁ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የጀመሩትን ካብ ሳይጨርሱ ሌላ ይጀምራሉ።»

ባሌ ቆሎውን ከእጁ ወደ እጁ እያገላበጠ ዝም አለ። ብዙ ቆይቶ «ደብተሬ እየጠፋ ስንት ጊዜ እንደተገረፍኩ» አለ። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ይህን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ቢኒን መትቶት አያውቅም፣ እኔም አቆምኩ። ሁለት በግና አንድ ዕቁብ የከፈልኩበትን ነገር አማቴ ምጣድ ዳር በነጻ ነገሩኝ።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። ማስታወቂያው «ለልጅዎ ብቻ የተዘጋጀ ሕክምና» ይል ነበር። እኛ ያገኘነው ለልጄ ብቻ የተዘጋጀ ሕክምና የተሠራው በባለ 50 ገጽ ደብተር ነው። ሜቲልፌኒዴት በ5 ሚሊግራም ተጀመረ፣ ጠዋት አንድ፣ ቀትር ላይ አንድ። አጭሩ ዓይነት ስለሆነ ሦስት አራት ሰዓት ሠርቶ ያልቃል። በየቀኑ የምጽፈው ይህን ነው፦ ስንት ሰዓት ዋጠ፣ ምን በላ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ መምህሩ ምን አለ። መምህሩ ከ60 በላይ ተማሪ ስላለው ሐተታ አልጠይቀውም፤ በጎ ቀን ከሆነ «በ»፣ መካከለኛ «መ»፣ ክፉ ከሆነ «ክ» ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ይህች አንድ ፊደል ከ20 ገጹ ሪፖርት የበለጠ ለዶክተሯ ነግራታለች። (መጠኑን የጻፍኩት ታሪኩ እንዲገባችሁ ነው፣ ለልጃችሁ እንዳትገለብጡት።)

10 ሚሊግራም ሲሆን መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ «በ» ጻፈ። እኔ ግን ደብተሬ ላይ «ልጄ ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ። አይስቅም፣ አይጠይቅም፣ ግድግዳ ያያል። መምህሩ ተደስቷል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ዶክተሯ ሁለቱንም አንብባ «ዝም ማለቱን አይደለም የምንፈልገው» አለችና ወደ 7.5፣ ማለትም አንድ ተኩል ክኒን አወረደችው። እዚያ ላይ ተስማማው። ይስቃልም፣ ይጽፋልም። ልጃችሁ ጸጥ ስላለ ብቻ ሕክምናው ተሳክቷል እንዳትሉ።

መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ስለዚህ ከክኒኑ በፊት ገንፎ በቅቤ፣ በጾም ከሆነ በሶ ወይም በተልባ የተሠራ ገንፎ ይበላል፣ ምሳውን ቢተወው አልጨቃጨቅም፣ ማታ ሲርበው ደህና አድርጎ ይበላል። ሁዳዴ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር፣ የንስሐ አባታችን ናቸው ያሳመኑት። ክብደቱና ቁመቱ፣ ግፊቱና የልብ ምቱ በየቀጠሮው ይለካል። መድኃኒቱ በየፋርማሲው ስለማይገኝና መንገዱም ስለማይታመን፣ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መፈለግ እጀምራለሁ። የቀትሩን ክኒን መጀመሪያ በኪሱ ይዞ ይሄድ ነበር፣ እንደምትገምቱት ጠፋ። አሁን መምህሩ ጋ ይቀመጣል።

ክኒን ብቻውን ደግሞ አይሠራም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አዘዋለሁ፣ ዓይኑን እያየሁ። የቤት ሥራውን በአሥር በአሥር ደቂቃ እንከፍለዋለን፣ በመካከል ውኃ ያመጣል፣ እንጨት ያስገባል። መምህሩ ከኋላ ወደ ፊት አምጥቶት ጥቁር ሰሌዳ የማጥፋት ሥራ ሰጠው፤ ሲቁነጠነጥ ብድግ ብሎ ያጠፋል፣ ማንም አይሰድበውም። ይህን ሐሳብ ያመጣው ራሱ መምህሩ ነው፣ ምስጋና ይግባው።

ትንሿን ልጄን ምራቋን ልላክ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ አልክድም። ዶክተሯ አያስፈልግም፣ ወንድሟና አባቷ ካለባቸው የእሷም ዕድል ከሌላው ልጅ ከፍ ይላል፣ ይህን ለማወቅ ብር አይከፈልም፣ ትምህርት ስትጀምር ተከታተያት አለችኝ።

ከሪፖርቱ የኮዴይኗን ገጽ ብቻ ቀድጄ ክትባት ካርዱ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ፋርማሲ ስሄድ አሳያለሁ። ለባሌ ደግሞ ዶክተሯ የአዋቂዎችን መጠይቅ ሰጥታው ነበር፣ 18 ጥያቄ ነው። ባለፈው ሳምንት አይሱዙውን ሳጸዳ ከወንበሩ ሥር አገኘሁት። ሰባቱን ሞልቶ ትቶታል፣ ጀርባው ላይ የጎማ ዋጋ ደምሮበታል።